እትዬ ደብሪቱና የጦስኙ ዘይት

እትዬ ደብሪቱ ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ልጃቸው አበበች ከመካነ ሰላም ደውላ፣ "ቁጥርሽ ጠፍቶብን ነው እንጂ ላንቺ ሳንነግር ልንቀብራት አልነበረም" አለችኝና ሁለታችንም በስልክ አለቀስን። ታመው እንደነበር ጠየቅኋት።

"ሳል ነበረባት" አለች። "ጤና ጣቢያ ወስደናት መድኃኒት ሰጥተዋታል። ጎረቤቱ ሁሉ ጦስኝ አፍልተሽ አጠጫት ይለኛል። እሷ ደግሞ፣ 'አፍዪልኝ፣ ጉሮሮዬን ደስ ይለዋል፤ ኪኒኑን ግን እንዳታስቀሪብኝ' ትለኛለች።"

ይህን ስሰማ በለቅሶዬ መሀል ፈገግ አልኩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ስለ ጦስኝ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ስለ ቅጠሉ ከሚያውቁት በላይ አልተናገሩም። እኔ የማውቃቸው እንዲህ ሆነው ነው፤ ለዚህም ብለው ታስረዋል።

መካነ ሰላም የገባሁት በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ጤና ረዳት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ስለሆነ ከከተማ ወጥቼ ሠርቼ አላውቅም። ከከተማው ዳር በቆርቆሮና በሸራ የተሠራ የተረጂዎች መጠለያ ነበር። ከወሎው ቦረና ደጋም ቆላም፣ ከከላላ በኩልም፣ የተራበው ሁሉ እየተጎተተ እዚያ ይመጣል። የኔ ሥራ የልጆቹን ክንድ መለካትና በጣም የደከሙት የሚበሉትን ገንፎ መቆጣጠር ነበር። ገንፎው ከዱቄት፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳርና ከዘይት ይሠራል። የሚያበስሉት ከከተማው የተቀጠሩ ስድስት ሴቶች ሲሆኑ እትዬ ደብሪቱ አንዷ ነበሩ።

ያኔ አርባዎቹን የጀመሩ ይመስለኛል። ረጅምና ቀጭን ናቸው። ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አጥብቀው ያስሩታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከደጋው መንደራቸው ወርደው ከልጃቸው ከአበበች ጋር ከገበያው ጀርባ በአንዲት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር፤ ቅቤ እያነጠሩ ይሸጣሉ። ቅቤ ሲጠፋ ነው መጠለያው ወጥ ቤት የገቡት። ፊደል አልቆጠሩም። የሆነ ነገር ሲነገራቸው አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ያዳምጡና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ "አይተሽ ነው ሰምተሽ?"

መጀመሪያ ይህ ጥያቄያቸው ያናድደኝ ነበር። አንዷ ወጥ ቤት ገብታ፣ "መኪናው ከደሴ ወጥቷል አሉ" ስትል፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ቀና ስንል፣ እሳቸው ማማሰያቸውን ሳይለቁ፣ "አይተሽ ነው ሰምተሽ?" ይሏታል። "ኸረ ሰምቼ ነው እትዬ።" "እንግዲያ ዱቄቱን እንደ ትናንቱ እንቆጥብ።" መኪናው ሳይመጣ ሲቀር የቆጠብነው ዱቄት ያሳድረናል።

የዘይቱ ነገር የተነሣው ክረምቱ ከባድ በነበረበት ወቅት ነው። ከደሴ የሚመጣው መኪና መንገዱ ሲጨቀይ ለሳምንታት ይቆማል። ዘይቱ በትልልቅ በርሜል ነው የሚመጣው። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ ቀን በቆርቆሮው መጋዘን ሙቀት እየተቀቀለ ይከርማል። አንድ ሰሞን ልጆቹ ገንፎውን በበሉ ቁጥር ያስመልሳቸው ጀመር። ሦስት አራት ቀን ሆዳቸው ምንም አልያዘም። እኔ ውኃው ነው ብዬ አስፈላሁ። ሲቀጥል ሴቶቹን ሰብስቤ ስለ እጅ መታጠብ ተቆጣኋቸው። በሕክምና ትምህርት ቤት እንደተማርኩት እጄን እያወዛወዝኩ ነበር የተናገርኩት። ስጨርስ እትዬ ደብሪቱ አንድ ማንኪያ ዘይት ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ እጃችንን ተይና ይህን እስቲ ወደ አፍንጫሽ አቅርቢው።"

አሸተትኩት። የቆየ የቆዳ ሽታ ሸተተኝ።

"ከርፍቷል" አሉኝ። "የሚያስመልሳቸው ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ዛሬ የተከፈተውም በርሜል የዛሬ ወር እንዲህ ነው የሚሆነው።"

"ምን ይደረጋል እንግዲህ? መኪናው ቶሎ አይመጣም።"

"የከረፋውን እንድፋው፤ ለልጅ አይሆንም። ለደኅናው ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ።"

ያን ቀን ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ የሚያውቁትን ነገር ከየት እንዳወቁት ነገሩኝ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነው የተዳሩት። የመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አማታቸው የቅቤውን ማሰሮ አስረከቧቸው። በጾሙ ሁለት ወር ገደማ ቅቤ አይበላም፤ ላሞቹ ግን መታለባቸው አይቀርም፤ ቅቤው ተጠራቅሞ ለፋሲካ ዶሮ መድረስ አለበት። የጀማሪ ሙሽራ ሙያ የሚለካው በዚያ ነው። የፋሲካ ዕለት ማሰሮው ሲከፈት ቅቤው ከርፍቷል። አማታቸው እንግዳ ፊት ወደ ውጭ አውጥተው ደፉት። "ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤ ምን እንደሚያበላሸው ሳልደርስበት አልሞትም አልኩ" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሁዳዴ ቅቤውን በአንድ ማሰሮ አላኖሩትም። በአራት ትናንሽ ምንቸት ከፋፈሉት። አንዱ ኮሰረት ገባበት፤ አንዱ እርድ፤ አንዱ ከመንደሩ በላይ ካለው ውርጫም ጋራ የሚለቀም ጦስኝ፤ አንዱ ምንም። እንዳይሳሳቱ በየምንቸቱ አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰሩ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀባቸው። በፋሲካ ሲከፍቱት ምንም ያልገባበት ከርፍቷል፤ የእርዱ ትንሽ ጀምሮታል፤ የኮሰረቱና የጦስኙ ደኅና ናቸው። በዚህ አልተውትም። በየዓመቱ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እየለወጡ ይሞክሩ ነበር። ጦስኙ ከማበቡ በፊት ቢለቀምስ? ፀሐይ ላይ ቢደርቅስ፣ ጥላ ውስጥስ? ብዙ ሲገባበትስ? ሃያ ምናምን ሁዳዴ እንዲህ አለፈ። አበባው ሊፈነዳ ሲል ተለቅሞ ጥላ ውስጥ የደረቀው ጦስኝ ከሁሉም እንደሚበልጥ፣ ምንቸቱ እስከ አንገቱ ካልተሞላና አየር ካገኘ ግን የትኛውም ቅጠል እንደማያድነው ደረሱበት።

"ይህን ሁሉ ማን አስተማረዎት?" አልኳቸው።

"የተደፋብኝ ቅቤ" አሉኝና ሳቁ።

እኔ ግን ፈራሁ። የመጣው የእርዳታ ዘይት ነው፤ ቅጠል ቀላቅዪበት ብሎ የፈቀደልኝ አለቃ የለም። ጦስኝን በቤቱ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የማይጨምር ሰው እንደሌለ ባውቅም፣ ልጆቹ በጣም የደከሙ ነበሩ። እሳቸውም ተረዱኝ። "ደግ ነው፣ መፍራትሽ" አሉ። "እኔም ዘይት ላይ ሞክሬው አላውቅም። ቅቤን ነው የማውቀው። እንሞክረው።"

አራት ጄሪካን ዘይት ቀዳን። ለሁለቱ ዘይቱን ለብ አድርገው ደረቅ ጦስኝ ነከሩበት፤ አሳድረው በነጠላ አጥልለው እስከ አንገቱ ሞሉት። ሁለቱን ቅጠል ሳይነካቸው እንደዚሁ ሞልተው አስቀመጡ። ሁሉንም አንድ ጥግ፣ አንድ ሙቀት ላይ አኖሯቸው። ከዚያ የጦስኙን ዘይት በየቀኑ በቁራሽ ዳቦ እያጠቀሱ ራሳቸው መብላት ጀመሩ። ሳምንት ሙሉ በሉት። ሁለቱን ጄሪካን ዘይት ያለ ቅጠል ማስቀመጣቸው አንገብግቦኝ፣ "በዚህ ረሃብ ሁለት ጄሪካን እያወቅን ልናበላሽ ነው?" አልኳቸው።

"ባዶው ከሌለ ቅጠሉ ይሥራ አይሥራ በምን ልወቅ?" አሉኝ። "ቀኑ ቀዝቅዞ ሳይበላሽ ቢቀርና ቅጠሉ አዳነው ብል ዋሸሁ ማለት ነው።"

ከወር በኋላ ስድስቱም ሴቶች ተሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ ፈረዱ። ባዶዎቹ ሁለቱም ከርፍተዋል። የጦስኙ ሁለቱም ትኩስ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በርሜል ሁሉ በተከፈተ ቀን በእሳቸው እጅ እያለፈ በጄሪካን ይገባል። አበበችና ሌሎች የከተማው ሴቶች ጋራው ላይ እየወጡ ጦስኝ ይለቅሙ ነበር። ዝናቡ መኪናውን አርባ ቀን ያህል ባስቀረብን ጊዜ ልጆቹ የተረፉት በዚያ ዘይት ነው ብዬ አምናለሁ። እትዬ ደብሪቱ ግን ሰው ሲያመሰግናቸው ያርሙ ነበር። "ትውከቱ የቆመው የከረፋውን ስለደፋነው ነው። ቅጠሉ ያደረገው ደኅናው እንዳይከረፋ መጠበቅ ብቻ ነው።"

ሰው ግን እንዲህ ያለውን ማረሚያ አይሰማም። ወሬው ከመጠለያው ወጥቶ ገበያውን ሲዞር ሌላ ሆነ። መካነ ሰላም ያለች አንዲት ሴት በቅጠል የሞተ ልጅ ታስነሣለች ተባለ። በሽተኛ የያዘ ሁሉ ክሊኒኩን እያለፈ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይሰለፍ ጀመር። ያኔ ተስቦ ገብቶ ሰዉን እያጨደው ነበር። እሳቸው ማማሰያቸውን አስቀምጠው አንድ በአንድ እየያዙ ወደ ክሊኒኩ ያደርሷቸዋል።

አያ ሞላ የሚባል ገበሬ ከከላላ በኩል የሰባት ዓመት ልጁን በጀርባው አዝሎ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ። ልጅቱ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። እትዬ ደብሪቱን ሲያያቸው እግራቸው ላይ ወደቀ።

"እናቴ፣ ቅጠሉን አይንፈጉኝ። አራት ነበሩኝ፤ የቀረችኝ እሷ ናት።"

አነሱት። "አብሽር ወንድሜ። ይህ ቅጠል ዘይት ይጠብቃል። ለትኩሳት ይሁን አይሁን አላውቅም። መርፌው እዚያ ነው፤ ና እንሂድ።"

"ሰው ሁሉ ይድናል ብሎኛል።"

"አይተህ ነው ሰምተህ?"

መልሱን ሳይጠብቁ ልጅቱን ከጀርባው አውርደው ራሳቸው ታቀፏትና ወደ እኔ ሮጡ። መርፌውን ወጋኋት፤ ያለንን ሁሉ አደረግን። በጣም ዘግይታ ነበር። በማግሥቱ ከሰዓት ሞተች። እትዬ ደብሪቱ ከአባትየው ጋር ሆነው አጠቧት፣ ገነዟት። አያ ሞላ መቃብሩ ላይ አፈር ከተመለሰ በኋላ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ በቀስታ፣ ያለ ቁጣ፣ "ቅጠሉን ቢሰጡኝ ትኖር ነበር" አላቸውና ሄደ። ወዴት እንደሄደ አላወቅንም።

ለብዙ ቀን ማማሰያቸውን ብቻ እያዩ ሠሩ። እኔ ላጽናናቸው ብዬ፣ "ለምን ትንሽ ቅጠል አልሰጡትም? ጉዳት የለው። መርፌውንም ቅጠሉንም ብናደርግላት ልቡ ያርፍ ነበር" አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። "እኔም አስቤዋለሁ። ሰጥቼው ብትድን፣ ቅጠሉ አዳናት ይባል ነበር። ነገ ሌላው ልጁን አዝሎ አንቺን አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። የዚያን ልጅ ማን ይመልስልኛል?" ቀጥለው ደግሞ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ "ግን እውነት ይሆን እንደሆነስ? አላውቅም አልኩ እንጂ አይሆንም አላልኩ" አሉ። ይህ ጥርጣሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሯቸው እንደኖረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ወሬው አውራጃው ጽሕፈት ቤት ከደረሰ በኋላ አንድ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ቦርሳውን ከትከሻው የማያወርድ፣ ሲናገር ደብተሩን የሚያገላብጥ ሰው። ለሁለት ቀን መጠለያውን ጎበኘ። እኔ ዱቄቱ ማለቁን፣ መኪና በአስቸኳይ እንደሚያስፈልገን ነገርኩት። እሱ ግን ልቡ የተያዘው በጦስኙ ነው። በሦስተኛው ቀን የከተማውን ሰው ቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰፊው ሕዝብ በራሱ ዕውቀት ችግሩን እያሸነፈ መሆኑን፣ የመካነ ሰላም ሴቶች በአገራቸው ቅጠል የተዳከሙ ሕፃናትን እያበረቱ መሆናቸውን፣ መጠለያው ከውጭ የሚጠብቀው እርዳታ እየቀነሰ መምጣቱን ተናገረ። ያዘጋጀውን ሪፖርት አነበበ። ከታች የእትዬ ደብሪቱ የጣት አሻራ እንዲቀመጥበት ቦታ ተትቶለታል።

መጀመሪያ ግን ወደ እኔ ዞረ። "የጤና ባለሙያዋ ምን ትላለች? ቅጠሉ ጠቃሚ ነው አይደለም?"

ከወንበሬ ተነሣሁ። ሪፖርቱ ምን እንደሚያመጣ ገብቶኛል። ያ ወረቀት ደሴ ከደረሰ ለእኛ የተመደበው እህል ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንደዚያም ሆኖ ፈራሁ። በዚያ ዘመን አንድ ቃል ሰውን ምን እንደምታደርገው አይቼ ያደግሁ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜን ከቤት የወሰዱት አልተመለሰም። "አዎ፣ ጠቃሚ ነው" አልኩና ተቀመጥኩ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ካድሬው እትዬ ደብሪቱን ጠራቸው። በዝግታ ወደ ፊት ወጡ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ "ልጄ፣ ወረቀቱን እስቲ ድገምልኝ፤ እኔ ማንበብ አልችልም" አሉት። ደገመላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"የመጀመሪያው እውነት ነው" አሉ። "ጦስኝ ዘይት እንዳይከረፋ ይጠብቃል፤ እኔም እነዚህ ሴቶችም አይተናል። ሁለተኛው ግን እውነት አይደለም። ልጅ አያበረታም። ልጅ የሚያበረታው ዱቄቱና ወተቱ ነው፤ እሱ ደግሞ አልቋል። ዘይት ከሌለ ቅጠሉ ምኑን ይጠብቃል?"

ካድሬው ፈገግ ለማለት ሞከረ። "እናቴ፣ ዝርዝሩን ለእኛ ይተዉልን። እርስዎ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉ።"

"ጣቴ የኔ ናት ልጄ። ያላየሁትን አላስመሰክርባትም።"

እስከ ማታ ሳይጠብቁ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ወሰዷቸው። ምክንያቱ የአብዮቱን ሥራ ማደናቀፍ ነው ተባለ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ "የትናንቱ ዘይት ሳይጠለል እንዳያድር" አሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ተቀምጬ የራሴን ሪፖርት ጻፍኩ፤ መጠለያው ውስጥ ያሉትን ልጆች ብዛት፣ በየቀኑ የሚሞቱትን፣ የቀረውን ዱቄት፣ ስለ ጦስኙም የሚሠራውንና የማይሠራውን። ከታች ስሜን ጻፍኩ። ለነጋዴ ዕቃ አራግፎ ወደ ደሴ ይመለስ ለነበረ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጥቼ ለእርዳታው መሥሪያ ቤት እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቀኝ ኮፍያው ውስጥ ደበቀው።

እትዬ ደብሪቱ ቀበሌው እስር ቤት አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። አበበች ስንቅ ስትወስድላቸው እኔም እከተላት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት አየሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አልዋሸሽም" አሉኝ። "ግማሹን ተናገርሽ። ግማሹን እኔ ተናገርኩት። አሁን ልጆቹ እንዴት አደሩ?"

ወጥ ቤት የሚሠሩት አምስቱ ሴቶች በየቀኑ ሥራ ሲጨርሱ ከነሽርጣቸው ቀበሌው በር ላይ እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። አይጮሁም፤ ምንም አይሉም፤ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ቀስ በቀስ ከመጠለያው ልጆቻቸው የዳኑላቸው እናቶችም ሄደው አብረዋቸው ይቀመጡ ጀመር። የቀበሌው ሊቀ መንበር የአገሩ ሰው ነው፤ የወንድሙ ልጆች ከዚያ ገንፎ በልተዋል። ካድሬው ወደ አውራጃው ከተመለሰ በኋላ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ራሱ በሩን ከፍቶ አወጣቸው። "እትዬ፣ ይሂዱልኝ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ" አላቸው። ከእስር ቤት ቀጥታ የሄዱት ወደ ቤታቸው አልነበረም። መጋዘን ገብተው ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ አሸተቱ።

መኪኖቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። አምስት ነበሩ፤ እህልም ወተትም ጭነዋል። የላክሁት ወረቀት ይሁን ያመጣቸው ሌላ ምክንያት አላውቅም። ይህን ለእትዬ ደብሪቱ ስነግራቸው ሳቁ፤ "አላውቅም ማለት ለመድሽ" አሉኝ።

ከዓመት በኋላ ከመካነ ሰላም ተዛወርኩ። ኋላም የላቦራቶሪ ትምህርት ተምሬ ደሴ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጠርኩ። እዚያ ስሠራ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ወጣት ተማሪዎች ጦስኝ ለጥናት ይዘው መጡ። ቅጠሉን ፈጭተው፣ ጭማቂውን አውጥተው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ፈሳሽ ላይ ሲያንጠባጥቡት ፈሳሹ እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ተለወጠ። አንዱ ተማሪ አስረዳኝ። ቅባት የሚከረፋው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ በጦስኝ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ያንን ውሕደት ስለሚገታው አንቲኦክሲዳንት ይባላል፤ ቀለሙ የደበዘዘውም በዚያ ኃይል ነው። ልጁ እየተናገረ እኔ ዕንባዬ መጣ።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ መካነ ሰላም ሄድኩ። እትዬ ደብሪቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አንገታቸው ግን እንደ ድሮው ዘንበል ይላል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስሙን እንዲሉት አስተማርኳቸው፤ "አንቲ... ኦክሲ..." ብለው እስከ መሀሉ ሄዱና በሳቅ ተዉት።

ሳቃቸው ሲያልፍ፣ "ለትኩሳትስ?" አሉኝ። "ለትኩሳት ይሆን እንደሆን አዩ?"

ማንን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። ዐርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ገና እቅፋቸው ውስጥ ነበረች።

"እትዬ፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ሰው ሰውነት ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ገና ብዙ ይቀራቸዋል። የልጅቱ በሽታ ግን ተስቦ ነበር። ለተስቦ መድኃኒቱ ያ መርፌ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ አድርሰዋታል። ይህን ሰምቼ አይደለም የምነግርዎት፤ አይቼ ነው።"

እጄን ያዙኝ። ረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። በፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲላላ አየሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በአበበች ትከሻ ተደግፈው ጋራው ላይ ይዘውኝ ወጡ። የከተማ ነጋዴዎች ጦስኙን ለሻይ እያሉ በጆንያ ስለሚገዙ ለቃሚው ከነሥሩ እየነቀለ ጋራው ተራቁቷል። እሳቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር እየወጡ በድንጋይ በታጠረ መደብ ላይ መልሰው ይተክሉት ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ችግኙን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚያገኙት። አጠገባቸው ተንበርክኬ አፈር እየመለስኩላቸው ሳለ እንዲህ አሉኝ፦

"ስትመለሺ ለነዚያ ልጆች ንገሪያቸው። ስለ ቅጠሉ የደረሱበትን ብቻ እንዳይጽፉ። ያልደረሱበትንም አብረው ይጻፉት። የሚያነበው ሰው ልጁን አዝሎ የት መሄድ እንዳለበት እንዲያውቅ።"

ደሴ ተመልሼ ተማሪዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ስክሪብቶዋን አንሥታ፣ "እስቲ ይድገሙልኝ፣ እንዳሉት ልጻፈው" አለችኝ።